የቤት ሠራተኛዋና ሕጉ

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ እሳት የምታያይዘው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ዕቃ አጥባ የምታርፈው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እመቤቲቱ ማልዳ ወደ ቢሮዋ የምትሄደው፣ ልጆቹም በሰዓቱ ትምህርት ቤት የሚደርሱት በእርስዋ ድካም ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ ጤንነት እንዲጠብቅ ያዛል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የሌላውን ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ለወላድም ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ፣ የቤት ውስጥ አገልግሎትን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል።

አንዳንድ ሰዎች «የቤት ሠራተኛ እንደ ቤተሰብ ስለሆነች ሕግ አያስፈልጋትም» ይላሉ። አባባሉ ደግ ቢመስልም አያስኬድም። የቤተሰብ አባል ስትታመም ትታከማለች እንጂ ወደ አገሯ አትሸኝም፤ ብታረግዝም ጓዟን ጠቅልላ እንድትወጣ አትታዘዝም። ደግነት እንደ ሰው ጠባይ ይለያያል፤ ሕግ ግን ለሁሉም እኩል መሆን አለበት።

ከዚህም በላይ ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው። አንዲት ሴት አደባባይ የወጣችው ሌላይቱ ያለ ዕረፍት ጓዳ ስለቀረች ከሆነ፣ ጭቆናው ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ስለሆነም የደመወዝ ውል፣ የሰዓት ወሰን፣ የሳምንት ዕረፍትና የወሊድ ፈቃድ ለቤት ሠራተኛዋም በሕግ ሊረጋገጥላት ይገባል። ሆኖም ሕግ ብቻውን ጓዳ ድረስ አይዘልቅምና፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን ሠራተኛዪቱ ስንት ሰዓት እንደምትተኛና መቼ እንደምታርፍ መጠየቅ አለብን።