መጥበሻዋን መልሱላት!

«ተደራጁ!» ይሉናል። እሺ፣ እንደራጅ። ሳይደራጅ ሠርቶ የሚበላውንስ ለምን ታሳድዱታላችሁ?

ጎረቤቴ የሦስት ልጆች እናት ናት። እዚሁ አዲስ አበባ አስፋልት ዳር ቁጭ ብላ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ደብተርም የሚወጣው ከዚያች መጥበሻ ነው። አንድ ቀን ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች መጡና መጥበሻዋን ከነዘይቱ፣ ምድጃዋን ከነከሰሉ ጭነውት ሄዱ። በማግስቱ ለማስመለስ አብሬያት ሄድኩ። የተቀመጠው ሹም ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ለምን አትደራጂም?» አላት። ተራዋ እስኪደርስ ልጆቿ ምን ይብሉ? ይኼንን የሚመልስልን ሰው አላገኘንም።

እስቲ ይኼን መደራጀት የሚሉትን ነገር እንየው። የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ስትራቴጂ የወጣው በ1990 ዓ.ም ነው። በ2003 ተሻሻለ ተባለ። በ2009 ለወጣቶች የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀ። በ2011 የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን፣ በ2014 ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መጣ። ታፔላው ተቀያየረ፤ ጎረቤቴ ግን ያው አስፋልት ዳር ናት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ምንም አልተሠራም ብዬ አልዋሽም። ኮብልስቶን አንጥፈው ራሳቸውን የቻሉ ልጆች አይቻለሁ። ችግሩ በሩ ላይ ነው። በ2003ቱ አሠራር ተበዳሪው አስቀድሞ 20 በመቶ መቆጠብ ነበረበት፤ ለ30,000 ብር ሥራ 6,000 ብር ማለት ነው። መጥበሻዋን የተነጠቀች ሴት 6,000 ብር ከየት ታምጣ? ከሰማይ? በቡድን ዋስትና ትበደር ከተባለም፣ አንዱ ብሩን ይዞ ሲጠፋ ዕዳው በቀሩት ጫንቃ ላይ ነው።

የሰፈራችን እቁብ እኮ ይኼን ሁሉ አይጠይቃትም። ዕጣው ሲደርሳት የሚያውቃትን አንድ ዋስ ትጠራለች፣ ብሯን ቆጥራ ትወስዳለች። ዳኛውም ሰብሳቢውም ስትሠራ ስትውል ያዩዋታል፤ መተማመኛቸው እሱ ነው። መንግሥት ከእቁብ ዳኛ መማር ያሳፍረዋል?

አውቃለሁ፣ «የእግረኛ መንገድ ተዘጋ፣ የከተማው ውበት ተበላሸ» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ እግረኛም መንገዱን ይፈልጋል። እንግዲያው ገበያተኛ የሚያልፍበት አንድ ካሬ ቦታ ስጧትና በስሟ መዝግቧት። በአቅሟ ኪራይ አስከፍሏት፣ ደረሰኝ ቁረጡላት። ያ ደረሰኝ ነገ ለብድር ሲቀርብ መያዣዋ ይሁን። ይኼን ለማድረግ አዲስ ስትራቴጂም፣ የሆቴል አዳራሽ ስብሰባም አያስፈልግም።

ይቺ ሴት ሥራ ፍጠሩልኝ አላለችም፤ ሥራዋን ፈጥራ ስትጠብስ ነው የደረሳችሁባት። እንርዳችሁ የምትሉ ከሆነ ከዚያው ጀምሩ፤ መጀመሪያ መጥበሻዋን መልሱላት!