ከትሪው ወይስ ከመጥበሻው?



ከዐስር ሶላት በኋላ መርካቶ፣ አንዋር መስጂድ አካባቢ ያለፈ ሰው የምንለውን ያውቃል። ረመዳን ከሆነማ መንገዱ ግራና ቀኙ ሳምቡሳ ነው። ዘይቱ ይንጫጫል፣ የሽንኩርቱና የቃሪያው መዓዛ ከሩቅ ይጠራል፣ ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ ይጎትታሉ። እናት ግን ታመነታለች። አቧራው አለ፤ ዘይቱ የስንት ቀን ነው? ሥጋውስ የማን ነው? ከመካከላችን ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛ አለ፤ «የመንገድ ነገር» ብሎ ልጆቹን እየጎተተ የሚያልፍም አለ። ሁለቱም ሳያዩ መወሰን ነው።

እስቲ ቀረብ ብለን እንይ። የመጥበሻ ዘይት እስከ 170 እና 180 ዲግሪ ይግላል። ከዚያ ውስጥ በደንብ በስሎ አሁን የወጣ ሳምቡሳ ሆድ በሚያውኩ ተሕዋስያን በኩል ብዙም አያሰጋም። ስለዚህ በመዓዛው ያጓጓን ትኩሱ ከሁሉ ይሻላል ማለት ነው። የሚያሰጋው ትሪ ላይ ተደርድሮ፣ ለብ ብሎ፣ ዝንብ እየጎበኘው ሲጠብቀን ያመሸው ነው። የበሰለ ምግብ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ቆሎ ደረቅ ስለሆነ ይህ አያሳስበውም። ለውዝ ግን ሻጋታ ከነካው ሌላ ነው፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በክረምት የሚመጣው በለስም ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ጣጣው ቢላዋው ቀኑን ሙሉ የሚነከርበት ያ አንድ ባልዲ ውሃ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት በገባ ጊዜ የተበከለ ውሃ ምን እንደሚያደርስ ሁላችንም አይተናል።

መጠቅለያውም አለ። የጋዜጣ ቀለም ከትኩስ ዘይት ጋር ሲገናኝ ወደ ምግቡ ይገባል። ለእኛ ደግሞ ሌላም ጭንቀት አለው፤ የአላህ ስም ያለበት ወረቀት ዘይት ተቀብቶ መሬት ሲጣል ማየት ያማል። (የዚህ መጽሔት ገጽ ሳምቡሳ ይዞ እንዳይመጣብንም እንሰጋለን!)

የሥጋውን ነገር ያለ ጭቅጭቅ መጠየቅ ይቻላል። አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሥጋ ሲያመጡ የአላህ ስም ተወስቶበት እንደሆነ አናውቅም ያሉ ሶሓቦችን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢስሚላህ ብለው እንዲበሉ እንደነገሯቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ሙስሊሟ ሻጭ ሐላል ነው ካለችን ምርመራ አያስፈልግም። መልሱ ካላረካንም የምስሩ አለ።

ከባዱ የዘይቱ ጉዳይ ነው። የጠቆረ፣ የወፈረ፣ አረፋና ጭስ የሚያበዛ ዘይት ደጋግሞ የጋለ ነው፤ ጎጂ ነገሮችም ተጠራቅመውበታል። ይህን ሻጯም ታውቃለች። ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጆቿን በዚያች መጥበሻ የምታሳድግ እናት ናት፤ ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ አሮጌውን መድፋት የቀኑን ትርፍ መድፋት ይሆንባታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥር እርጥብ ሲያገኙ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ሻጩን ጠይቀውታል፤ ማታለልንም አውግዘዋል። የትናንቱን እንደገና አሙቆ ከዛሬው ጋር መቀላቀል ከዚህ በምን ይለያል? እኛ ገዢዎችስ? በአንዲት ሳምቡሳ ላይ አንድ ብር ለማስቀነስ እየተከራከርን ንጹሕ ዘይት ከየት ትምጣልን?

«እናቴ፣ ዘይቱ የዛሬ ነው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም። ዘይቷን የምትቀይረው እናት ዋጋዋ ትንሽ ከፍ ቢል እንክፈላት፣ ጎረቤትም እንላክላት። ልጆቻችንም «ከትሪው ሳይሆን ከመጥበሻው አውጪልን» ማለትን ይልመዱ፤ ቢያስጠብቅ ጥቂት ደቂቃ ነው።