የአዳራሹን ወጪ ማን ቻለ?

በእንግሊዝ አገር፣ ከሊድስ ከተማ አጠገብ፣ ሄርውድ የሚባል ትልቅ የመኳንንት ቤት አለ። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1759 ተጀምሮ በ1771 አልቋል። ከፊቱ የተንጣለለውን መስክና ኩሬ ያሳመረው ላንስሎት ብራውን ነው፤ በዘመኑ የእንግሊዝ ባላባቶች ርስታቸውን እንዲያስውብላቸው የሚሻሙበት የአትክልት ጠቢብ። ዛሬ ማንም ሰው ቲኬት ቆርጦ ይገባል። እዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በእረፍት ቀናቸው ልጆቻቸውን ይዘው እንዲህ ያሉ ቤቶችን ይጎበኛሉ፣ ደረጃው ላይ ፎቶ ተነሥተው ለዘመድ ይልካሉ። ዘመድም ደብረ ማርቆስ ሆኖ ያይና «ወይ አገር!» ይላል። ስንቶቻችን ነን ግን ያንን ፎቶ እያየን «ይህን ሁሉ የከፈለው ማን ነው?» ያልን?

ለሄርውድ መልሱ ይታወቃል። የላሴልስ ቤተሰብ የከበረው በካሪቢያን ደሴቶች በስኳር፣ ለስኳር እርሻ ባለቤቶች በሚያበድረው ገንዘብና በባሪያ ንግድ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1833 ባርነትን በሕግ ሲሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ። ካሳው የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው፤ የሄርውድም ጌታ ድርሻውን ወስዷል። ሸንኮራ ሲቆርጡ ዕድሜያቸውን ለጨረሱት ሰዎች አንዲት ሳንቲም አልደረሰችም። ታዲያ ያ ደረጃ የማን ላብ ነው? መናፈሻውስ ቢሆን? በዶርሴት አውራጃ ሎርድ ሚልተን የሚባል ባላባት ነበር፤ ከቤቱ ሥር የነበረችው ከተማ እይታዬን አበላሸችብኝ ብሎ አስፈረሳትና ሚልተን አባስ የምትባል ትንሽ መንደር ከዓይኑ ዞር ባለ ሸለቆ ውስጥ አሠራ። ጎብኚ ዛሬ የሚያደንቀው ጸጥታ የሰው ጎጆ ተነሥቶለት የመጣ ጸጥታ ነው። በእኛስ ከተሞች አዲስ መናፈሻ ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ፣ ትናንት እዚያ ቦታ ላይ ጉልት ዘርግታ ትሸጥ የነበረችው እናት የት ገባች ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አለ?

እንግሊዞች ራሳቸው ጥያቄውን ለመጠየቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ናሽናል ትረስት የተባለው ቅርስ ጠባቂ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። የውርስ ግብር ከብዶባቸው መኳንንቱ ቤታቸውን ማስተዳደር ሲያቅታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በወጣ ሕግ ቤታቸውን ለማኅበሩ አስረክበው ግብሩ እንዲቀርላቸው መንገድ ተከፈተ። ብዙ መቶ ቤቶች በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈርሰው ሳለ ሌሎቹ የተረፉት በዚህ ነው። ዛሬ ማኅበሩ ከ200 በላይ ታላላቅ ቤቶችና ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ይህ የሚያስቀና ሥራ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይዝናናበት የነበረው ግቢ የገበሬና የወዛደር ልጅ የሚሮጥበት ሆኗል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሚያስተዳድራቸው ስፍራዎች 93ቱ ከቅኝ ግዛትና ከባርነት ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚገልጽ ጥናት ሲያወጣ፣ ከአባላቱም ከፓርላማም ቁጣ ተነሣ። እኛ የምንመጣው ለመዝናናት ነው፣ ለምን ታሪክ እየጎረጎራችሁ ደስታችንን ታደፈርሳላችሁ የሚል ዓይነት ቁጣ ነበር። ደስታው ሊቆም የሚችለው ጥያቄው ከተቀበረ ብቻ ከሆነ፣ ያ ምን ዓይነት ደስታ ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ለእንግሊዝ ለማቅረብ ቸግሮን አያውቅም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ የሄደውን ንብረት እናነሣለን፤ ማንሣታችንም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያው ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ ዕቃዎች ለጨረታ ሲቀርቡ ኤምባሲያችን ተቃውሞ አስቁሟል፤ ዕቃዎቹም ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእኛ ላይ የተወሰደውን አጥብቀን እንጠይቃለን። የእኛ ጌቶች ከሌላው ላይ የወሰዱትንስ?

ደብረ ማርቆስን ልውሰድ። ከተማዋ መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ አዳል ተሰማ፣ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ተቀቡ፤ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማዋም ስሟን ከዚያ ወሰደች። የንጉሡ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ የከተማዋ መለያ ነው። ስለዚህ ግቢ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው አንድ ነው፤ ይጠገን፣ ይጎብኝ፣ ገቢ ያስገኝ። መጠገኑን እኔም በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ከተጠገነ በኋላ ግን ጎብኚው ምን ይነገረዋል? ንጉሡ በዚህ በር ይገቡ ነበር፣ እዚህ ግብር ያበሉ ነበር፣ እዚህ ያርፉ ነበር፤ በዚሁ ያበቃል? ግብሩን የበላውን እንጂ ግብሩን ያበላውን ማን ያስታውሰዋል? ጤፉን በጫንቃው ተሸክሞ ያመጣው ገባር፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትፈጭ ያደረችው ሴት፣ ማር የሰፈረው የቆላ ሰው፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ እንጨት ለቃሚዋ በየትኛው ክፍል ይታወሳሉ?

ንጉሡ የተሰጣቸው ማዕረግ «የጎጃምና የከፋ ንጉሥ» የሚል ነበር። ጎጃም ከከፋ ጋር ምን አገናኘው? ያገናኘው ንግድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው በበሶ ገበያ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ነጋዴው ሲራራ ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ ወደቦቹ ያቀናል፤ የገበያው ቀረጥም ለጌቶች ይገባል። ንጉሡ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ቆስለው የተማረኩት ይኸው ከዓባይ ማዶ ያለው ሀብት የማን ይሁን በሚል ነው። እምባቦን የምናስተምረው የሁለት ነገሥታት ፉክክር አድርገን ነው። ከሁለቱም ወገን ያልነበሩት፣ በሚፎካከሩበት ምድር ላይ የሚኖሩት የሆሮ ጉዱሩ ሰዎች በታሪኩ ውስጥ ለምን የሉም? በበሶ ገበያ የቆመችው ልጅስ? ላሴልስን በስኳሩ ከጠየቅን፣ የእኛን ቤት በበሶ ቀረጥ የማንጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ አባቶቻችንን ማዋረድ ይመስለዋል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዓድዋ ዘመቻ የተሰለፉ፣ ከደርቡሽ ጋር የተዋጉ፣ ቤተ ክርስቲያን ያነፁ ሰው ናቸው፤ ይህን ማንም አይፍቅም። ግን ታላቅ ሰው መሆናቸው የገባሩን ስም ከመዝገብ እንድናወጣ ያስገድደናል?

የልጃቸው ዘመን ይብስ ያነጋግራል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረዋል፣ ለንደንንም አይተዋል፤ ራስ ተፈሪ ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የአፄ ቴዎድሮስን ዘውድ የተቀበሉት በዚያ ጉዞ ነው። ራስ ኃይሉ በአገራችን እጅግ ባለጠጋ ከሚባሉት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ያ ሀብት ከየት መጣ? የጎጃም ገበሬ የግብራቸውን ክብደት እያነሣ አቤት ማለቱ፣ በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ተከሰው ሲታሰሩ ሀብታቸው መወረሱ ታሪክ ነው። የተወረሰው ግን ለማን ተመለሰ? ለከፈለው ገበሬ ተመልሷል ብሎ የሚናገር ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ይህን ጥያቄ በአማርኛ በድፍረት ያነሣው የዚያው አገር ልጅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በ1950ዎቹ በለንደን አምባሳደራችን የነበሩት፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት አቁመው አሳይተውናል። ብዙው አንባቢ የሚያስታውሰው የበዛብህንና የሰብለን ፍቅር ነው። ከዚያ ቤት ደጅ ላይ ግን ከልማዱ በላይ አንሰጥም ብለው የተነሡ ባላገሮች አሉ፤ ፊታውራሪው ሲዘምቱባቸው የሚማርኳቸውም እነሱ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ በሐዲስ ስም ስንኮራ የምንኮራው በፍቅሩ ብቻ ነው ወይስ በእነዚያ ባላገሮችም?

አንድ ሌላ ቤት አለ። ባዝ የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ያለው ፌርፊልድ ሃውስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ቤት ነው፤ ከዚያ ተነሥተው በሱዳን በኩል ገብተው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ያንን ቤት ከነአትክልቱ ለባዝ ከተማ አረጋውያን እንዲውል በስጦታ ሰጡ። መልካም ሥራ ነው። አዲስ አበባም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በጎጃምስ? የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት አጅበው ያሻገሩት የጎጃም አርበኞች አርጅተው በየደጃፉ ሲቀመጡ የሚያርፉበት ቤት ከአንዱ የጌታ ግቢ ውስጥ ተሰጥቷቸው ያውቃል? የባዝ ሽማግሌ የኢትዮጵያ ንጉሥ በሰጡት ሳሎን ሻይ ሲጠጣ፣ የቢቸና አርበኛ የት ነበር?

ስለ አትክልት ስፍራ ከተነሣ ደግሞ፣ እኛ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በጎጃም ደጋ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው ከታረሰው መሬት መካከል አልፎ አልፎ የሚታየው ጥቁር አረንጓዴ ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ከነወፋቸው ከነምንጫቸው የቀሩት በአብዛኛው እዚያ ነው። ይህን የተከለ ሎርድ የለም፤ መንደር አፈናቅሎ እይታ የከፈተም የለም። የደብር አገልጋይና ሕዝበ ክርስቲያኑ ምሳር እንዳያርፍበት ተገዝተው ስንት ትውልድ የጠበቁት ነው። ያም ሆኖ ከተሞቻችን «ውበት» ሲሉ ሣር ከውጭ አምጥቶ መዘርጋትና ዘንባባ መደርደር ነው የሚታያቸው። የደብሩን ደን ቲኬት ስለማይቆረጥበት አናየውም ማለት ነው? ዙሪያው በባሕር ዛፍ እየተበላ፣ ጠርዙ በእርሻ እየተገፋ ሲሄድ ከቤተ መንግሥቱ ግድግዳ እኩል ቅርስ ነው ብሎ የሚጮህ የቱ ቢሮ ነው?

ዌልስ ውስጥ ኤርዲግ የሚባል ቤት አለ። ጎብኚ እዚያ ቤት የሚገባው በጌቶቹ በር ሳይሆን በአገልጋዮቹ ግቢ በኩል ነው፤ የቤቱ ጌቶች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሠሯቸው የአናጢው፣ የምግብ አብሳዩና የገረዶቹ ሥዕሎችና ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ጌትነትን የሻረ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ ሰዎቹ ስም አላቸው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ግቢ ጎብኚ በየትኛው በር ላስገባ ብሎ የሚያቅድ ሰው ካለ፣ ለምን በወጥ ቤቱ በኩል አያስገባም? ለምን ከአልጋው በፊት ወፍጮውን አያሳይም? ለምንስ የበሶን ገበያ ካርታ፣ የሲራራውን መንገድ፣ የተሸጡትን ሰዎች ታሪክ በአንድ ክፍል አያስቀምጥም?

የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በውጊያ ውስጥ ነውና ስለ አሮጌ ቤት ማውራት ጊዜው አይደለም የሚሉ አሉ። ሕይወት እንደሚቀድም እኔም አምናለሁ። ነገር ግን መዝገብ የሚቃጠለው፣ ሽማግሌ የሚሰደደው፣ ትዝታ የሚበተነው መቼ ነው? ሰላም እስኪመጣ ብለን የተውነው ነገር ሰላም ሲመጣ ይገኛል?

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሥቶ ነበር። መንግሥት ጦር አዘመተበት፣ አውሮፕላንም ላከበት፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ደብረ ማርቆስ መጥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። ጌቶችን ያበላው ባላገር «በቃ» ብሎ በገዛ አንደበቱ የተናገረበት ዘመን ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያን ተጠግቷል። አባቱ ለራስ ኃይሉ ምን ይገብር እንደነበር ያውቃል፤ ለቤተ መንግሥቱ ማን ማር እንደሰፈረ፣ የማን አያት በበሶ እንደተሸጠች ሲወራ ሰምቶም ይሆናል። ድምፁን እየቀዳ ያለው ማን ነው፤ ዩኒቨርሲቲው? የባህልና ቱሪዝም መምሪያው? ወይስ ስልክ በእጁ የያዘው የገዛ የልጅ ልጁ?