ልብ ወለድና የክፍል ውይይት

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተወያዩ ተብለው አምስት ተማሪዎች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ፥ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው አንዱ ነው። ሁለቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የቀሩት ሁለቱ መጽሐፉን አላነበቡትም። መምህሩ ግን ከሩቅ ሲያየው ጉባኤው የሞቀ ይመስለዋል።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል የተባለው፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሥራ ድርሻ በወረቀት ጽፎ መስጠት ነው። አሜሪካዊው ሃርቪ ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ዘዴ አስፋፋው፤ አንዱ ጠያቂ፥ አንዱ ምንባብ መራጭ፥ አንዱ ቃል ፈቺ፥ አንዱ ታሪኩን ከኑሮ ጋር አዛማጅ ይሆናል።

እኛም ድርሻው ይሰጥ እንላለን። ነገር ግን ጠያቂው «የሰብለ ወንጌል አባት ማን ናቸው?» ያለ እንደ ሆነ፥ መልሱ በአንድ ስም ያልቅና ጉባኤው ይበተናል። «ጉዱ ካሣ እውነቱን እየተናገረ ስለ ምን እንደ እብድ ተቈጠረ?» ቢል ግን ዝምተኛው ሁሉ አፉን ይከፍታል። ቃል ፈቺውም ከጎጃም ገጠር የመጣ ልጅ ቢሆን፥ ከተሜው ጓደኛው የማያውቀውን ቃል በሚያስረዳበት ሰዓት የክፍሉ መምህር እሱ ነው።

ድርሻው በየጊዜው ካልተዘዋወረ ተናጋሪው ዘወትር ጠያቂ ሆኖ ይቀራል። ወረቀት መሙላትማ በየመሥሪያ ቤቱ ይበቃናል! ዳንኤልስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሁለተኛ እትም፥ ወረቀቱ ውይይቱን ሕይወት እንዳያሳጣው አስጠንቅቋል። እንግዲህ ተማሪዎቹ መነጋገር ሲለምዱ ወረቀቱ ይነሣ፤ እስከዚያው ግን መምህራን የመጀመሪያውን የጠያቂነት ድርሻ ለዚያ ዝምተኛ ልጅ ይስጡልን።