ቃል ከሕመም ይቅደም



ስለ መጨረሻ ጊዜ ሲነሳ «ኧረ ሟርት አታውሩ!» እንባላለን። ነገር ግን እድራችን ድንኳንና ቃሬዛ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ሞትን ለመጥራት አይደለም። ቃልም እንዲሁ ነው።

ሰው ሲታመም ልጆች አልጋው ዙሪያ ይከራከራሉ። አንዱ «ደብረ ብርሃን ይወሰድ»፣ ሌላው «ጠበል ይሻላል»፣ ሦስተኛው «በሬው ይሸጥና አዲስ አበባ እናድርሰው» ይላል። በሽተኛውን በደህናው ጊዜ የጠየቀው የለም፤ አሁን አንደበቱ ተይዟል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቀድሞ ይነገር። መናገር ሲያቅተኝ ስለኔ የሚናገረው ማን ነው? መዳን ከሌለ መሰንበት የምሻው ሆስፒታል ነው ወይስ ቤቴ? የነፍስ አባቴስ መቼ ይጠሩ?

ቤት መሆን በስቃይ መተው አይደለም። ሕመምን ማስታገስ ራሱ ሕክምና ነው፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። እኛም ሐኪሙን «ስቃዩን የሚያስታግስ ምን አለ?» እንበል።

ንብረትን በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለትናንሽ ልጆች አሳዳጊና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በዚህ ብር ዛሬ በግ እንኳ አይገዛም! እንግዲያው ኑዛዜው ይጻፍ፤ በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ ተናዛዡና ምስክሮቹ እዚያው ይፈርሙ።

ልጆችም «አይዞዎት፣ ይድናሉ» እያላችሁ አፍ አትዝጉ። ቁጭ ብላችሁ ስሙ።