ለሰው ዓይን ብለን የልጆቹን ማዕድ አናራቁት

እኩዮቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ጓዳችን ነው። የቤት ገመና ነው ተብሎ ሲሸፋፈን ኖሯል፤ ከዚህ በላይ ዝም ብንል ግን በልጅ ልጆቻችን እንጠየቅበታለን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮው የት እንደደረሰ ለእናንተ አይነገርም። የምግብ ዘይቱ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ጡረታችንም ገበያው ላይ አይደርስበትም። እኔ የማስጠነቅቃችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ሲጎድልብን ከምን ላይ እንደምንቀንስ ልብ በሉ።

አመሻሽ ላይ ሱቅ ደጃፍ ቆማችሁ እዩ። ሕፃን ልጅ ተልኮ በላስቲክ የተቋጠረች ዘይት በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁም ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። በሊትር ቢገዛ ይረክስ ነበር፤ የሊትሩን ብር ባንድ ጊዜ የሚያወጣ ግን ጠፋ። ከዚያ ቤት ግቡና ድስቱን ክፈቱ። ሽሮው ቀጥኗል፣ እንጀራው ግን ያው ነጩ ነው። ለምን? ቀይ ጤፍ ወይም ማሽላ የገባበት እንጀራ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ብለን! ልጅን የሚያሳድገው የእንጀራው ንጣት አይደለም፤ አተሩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ሲገኝም እንቁላሉ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጎደለ ምግብ ኋላ በግ ቢታረድ አይካካስም።

ድግሱ ደግሞ አለ። ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር ተብሎ የዕቁብ ብር ይወጣል፤ አልበቃ ሲል ከዘመድ ይበደሩና በሬ ይጣላል። እንግዳው በልቶ መርቆ ይሄዳል። ዕዳው የሚከፈለው ከልጆቹ ወጥ ላይ ተቀንሶ ነው፤ ለወራት። «የአባቱን ተዝካር እንኳ ሳያወጣ!» ብለን የምናማውስ ማነን? እኛው ሽማግሌዎቹ፣ እኛው ባልቴቶቹ ነን። ለሟች የምንመኘው ጸሎትና ምጽዋት ያለ በሬም ይደርሳል።

ከመካከላችን «በልቼ ነው የመጣሁት» እያሉ ለልጆቹ ሲሉ ጦማቸውን የሚያድሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ፍቅራቸው አንጀቴን ይበላዋል። ያ ፍቅር ግን የብድር ድግስን እንቢ ለማለትም ይዋል።

ስለዚህ በመጪው የዕድር ስብሰባ ነገሩን አንሱት። የድግሱ ልክ ይወሰን። አዲሱ ጤፍና ጥራጥሬ ገበያ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር አቅም ያጣው ከጎረቤቱ ጋር አዋጥቶ በጋራ ይግዛ። አቅሜ አይፈቅድም ብሎ ድግሱን የተወውን ሰው ማንም እንዳያማው። ወጣቶቹ የሚበደሩት የእኛን አፍ ፈርተው ነውና መጀመሪያ ቃል መግባት ያለብን እኛ ነን።