በፊደል ስም ሰው አይለካም

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ኢምንት ይመስል ይሆናል። ኢምንት እንዳልሆነ ለማስረዳት ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለረዳት መምህርነት የሚወዳደሩ ምሩቃንን ከሚፈትኑት አንዱ ነበርሁ። ገጠር ተምራ ያደገች አንዲት ተወዳዳሪ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ቀመር ስታስረዳ «ሄች» አለች፤ ጥቂት ቆይታም «ዜድ» አለች። ከመካከላችን አንዱ «ኤች» ብሎ አረማት፤ አሜሪካ የተማረው ባልደረባችን ደግሞ «ዚ» ሲል አከለበት፤ ሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የልጅቱ ድምፅ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ቀመሩ ግን ትክክል ነበር። እኔም ዝም አልሁ፤ «የመግለጽ ችሎታ» በሚለው ሣጥን ውስጥ እንደ ሌሎቹ ዝቅተኛ ነጥብ ጻፍሁ።

ለመሆኑ ያረምንባት «ትክክል» የማን ነው? «ዜድ» የእንግሊዞች የራሳቸው አጠራር ነው፤ ከግሪኩ «ዜታ» ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የደረሳቸው። «ዚ» የአሜሪካኖች ነው፤ በ1835 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ የታተመው የፊደል መዝሙር ቤት የሚመታውም በእርሱ ነው። «ሄች»ም ቢሆን የገጠር ልጅ ፈጠራ አይደለም፤ በአየርላንድ የተለመደ ነው። በሰሜን አየርላንድማ ካቶሊኩን ከፕሮቴስታንቱ መለያ እስከ መሆን ደርሷል። የፊደል ስም የወገን መታወቂያ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ወደዚያ ይመልከት።

ስሞቹ ራሳቸውስ ምን ሥርዓት አላቸው? «ኤች» በስሟ ውስጥ የገዛ ድምፅዋ የለም። «ደብልዩ» ማለት «ድርብ ዩ» ነው፤ ቅርጿ ግን ድርብ ቪ ነው፤ ዩ እና ቪ ጥንት አንድ ፊደል ነበሩና። በላቲን አ፣ ኤ፣ ኢ ይባሉ የነበሩትን እንግሊዞች «ኤይ፣ ኢ፣ አይ» የሚሏቸው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ ረጃጅም አናባቢዎቻቸው ስለ ተለወጡ ነው። አፋቸው ተጓዘ፤ ጽሕፈታቸው ቆሞ ቀረ። ይህ የታሪክ አጋጣሚ እንጂ የዕውቀት ሚዛን አይደለም።

የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሊወድቅ በሚችልበት ቦታማ ባለቤቶቹም በእነዚህ ስሞች አይተማመኑም። «ቢ፣ ዲ፣ ፒ፣ ቲ» በሬዲዮ ስለሚምታቱ የዓለም አቪዬሽን ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ብራቮ፣ ዴልታ፣ ፓፓ፣ ታንጎ» ይላል። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መለያ የሆኑት ሁለት ፊደላትም በአብራሪው አፍ «ኤኮ ታንጎ» ናቸው። እኛም ሞክሼ ፊደሎቻችን ሲያስቸግሩን «ንጉሡ ሠ»፣ «እሳቱ ሰ»፣ «ፀሐዩ ፀ»፣ «ጸሎቱ ጸ» እንላለን። ብልሃቱ አንድ ነው፦ ፊደሉን በሚገኝበት ቃል መጥራት። የፊደል ስም መግባቢያ ነው፤ ከተግባባን ሥራውን ፈጽሟል።

«እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋችን ስለሆነ በአግባቡ ይነገር» የሚሉኝ አሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሁለተኛና ለከፍተኛ ትምህርት እንግሊዝኛን ደንግጎ ነበር፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት በእርሱ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን አጥርተው ሊያነቡት፣ ሊጽፉትና ሊከራከሩበት ይገባል እላለሁ። ዳሩ ግን «ዚ» ማለትን ልጅ የሚለምደው ከሳተላይት ቴሌቪዥንና ውድ ክፍያ ከሚጠየቅበት ትምህርት ቤት ነው። በፊደል ስም ሰውን ስንመዝን የምንመዝነው የወላጁን ኪስ ነው፤ ውጤቱን ግን «ችሎታ» ብለን እንመዘግበዋለን። በአድልዎ ላይ ስንት ጽሑፍ የጻፍን ሰዎች አድልዎን በገዛ እጃችን፣ በገዛ ብዕራችን ስናደርገው አናየውም።

ያቺ ተወዳዳሪ አላለፈችም። ይቅርታ ልጠይቃት የምችልበት መንገድ የለኝም፤ ቢኖረኝም ቦታዋን አይመልስላትም። ነገ በፈታኝነት ለምትቀመጡ ባልደረቦቼ ግን አንድ ነገር እላለሁ፦ ልጁ አፉን ሲከፍት ከመሳቃችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ።